አልታየም ማለት ጠፋ ማለት አይደለም፦ በሊኑክስ ኮምፒውተር ላይ የተሰወረ ሃርድ ዲስክን የመፈለግ ዘዴ

መግቢያ

ሮቢት ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ጎብዬን አለፍ ብሎ የምትገኝ የራያ ቆላ ከተማ ናት። በዙሪያዋ የተዘረጋው ሜዳ ከምዕራቡ ተራራ በሚወርዱ ወንዞች ደለል የተሞላ ሲሆን፣ በዚሁ ደለል ውስጥ የተከማቸው የከርሰ ምድር ውኃ በፓምፕ እየተሳበ በቆቦ-ጊራና ሸለቆ ለመስኖ እርሻ ይውላል። ዝናብ በሚያጥርበት በዚህ አካባቢ፣ ከየጉድጓዱ ምን ያህል ውኃ እንደተሳበና የውኃው ወለል ምን ያህል ዝቅ እንዳለ በየወቅቱ መመዝገብ የቅንጦት ሥራ አይደለም። መዝገቡ ከሌለ፣ የሚሳበው ውኃ ከሚተካው መብለጥ አለመብለጡን ማወቅ አይቻልም። የዚህ ዓይነት መዝገብ ደግሞ አንድ ልዩ ጠባይ አለው፤ ይኸውም የ2010 ዓ.ም. የመስከረም ልኬት አንድ ጊዜ ከጠፋ ማንም ሰው ዛሬ ተመልሶ ሊለካው የማይችል መሆኑ ነው።

እንግዲህ ለትምህርት ያህል፣ የእነዚህ ጉድጓዶች የስድስት ዓመት ልኬት በሮቢት በሚገኝ አንድ ሰርቨር ላይ ተቀምጧል ብለን እናስብ። ሰርቨሩ የሚሠራው በሊኑክስ ስርዓተ ክወና ነው። ሊኑክሱ ራሱ የተጫነው በማዘርቦርዱ ላይ በቀጥታ በተሰካ ትንሽ ዲስክ ላይ ሲሆን፣ መዝገቡን የያዙት አራት ሃርድ ዲስኮች ግን የተያያዙት በአንድ የዲስክ ኮንትሮለር ካርድ በኩል ነው። ኮንትሮለር ማለት በማዘርቦርዱና በዲስኮቹ መካከል ሆኖ ትእዛዝና መረጃ የሚያስተላልፍ ካርድ ነው። አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ሰርቨሩ እንደ ወትሮው ይነሣል፤ አራቱ ዲስኮች ግን የሉም።

በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው የሚደርስበት ድምዳሜ «ዲስኩ ተቃጥሏል» የሚል ነው። በዚህ ጽሑፍ ይህ ድምዳሜ አብዛኛውን ጊዜ ለምን ስሕተት እንደሚሆን፣ ብልሽቱ ያለበትንም ቦታ በሥርዓት እንዴት ማግኘት እንደሚቻል ለማስረዳት እንሞክራለን። ጉዳዩ ሰርቨር ላላቸው ተቋማት ሁሉ የሚጠቅም ቢሆንም፣ በተለይ በ2013 መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት በደረሰበት በዚህ አካባቢ፣ ከቦታ ቦታ የተዘዋወረ ወይም ለወራት ያለ ኤሌክትሪክ የቆመ ኮምፒውተር በእጁ ላለ ሰው ይበልጥ ይጠቅማል ብለን እናምናለን።

ሁለት ዲስክ በአንድ ሌሊት አይሞትም

አስቀድመን ጥቂት ስሌት እንሥራ። አንድ ዲስክ በዓመት ውስጥ የመበላሸት ዕድሉ 2 በመቶ ነው እንበል። በአንድ በተወሰነ ቀን የመበላሸት ዕድሉ 0.02 ለ365 ሲካፈል፣ ማለትም 0.000055 ገደማ ይሆናል። ከአራት ዲስኮች መካከል ሁለቱ፣ አንዱ ከሌላው ጋር ምንም ግንኙነት ሳይኖረው፣ በዚያው ቀን የመበላሸት ዕድላቸውን ለማግኘት ይህን ቁጥር በራሱ አባዝተን፣ ከአራት ዲስኮች በሚወጡት 6 ጥንዶች እንደገና እናባዛለን። ውጤቱ ከ50 ሚሊዮን አንድ እንኳ አይሞላም። አራቱም በአንድ ቀን ይበላሻሉ ማለትማ ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

ከዚህ የምናገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ብዙ ዲስኮች በአንድ ጊዜ ከተሰወሩ መመርመር ያለበት እያንዳንዱ ዲስክ ሳይሆን ዲስኮቹ በጋራ የሚጠቀሙበት ነገር ነው፤ ይህም ፓወር ሰፕላዩ፣ ኬብሉ፣ ኮንትሮለሩ፣ ወይም ኮንትሮለሩን የሚያንቀሳቅሰው ሶፍትዌር ሊሆን ይችላል። እርግጥ ነው፣ መብራት ሲመለስ የሚመጣ ከፍተኛ ቮልቴጅ ወይም መብረቅ የብዙ ዲስኮችን የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ በአንድ ጊዜ ሊያቃጥል ይችላል። ይሁንና ይህም ቢሆን የጋራ ምክንያት እንጂ ግጥምጥሞሽ አይደለም፤ ሰሌዳው ተቃጠለ ማለትም መረጃ የተጻፈበት ሰሐን ጠፋ ማለት አይደለም።

ከሮቢት እስከ አዲስ አበባ

በዲስኩ ላይ የተጻፈ አንድ ፋይል ተጠቃሚው ዘንድ እስኪደርስ ስምንት ጣቢያዎችን ያልፋል። እነርሱም፦

1. ለዲስኩ የሚደርሰው የኤሌክትሪክ ኃይል፤
2. ዲስኩ ራሱ፣ ማለትም ሞተሩ፣ ሰሐኖቹ፣ አንባቢ ራሱና የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳው፤
3. የዳታ ኬብሉና መሰኪያዎቹ፤
4. የኮንትሮለር ካርዱ፤
5. ካርዱ በማዘርቦርዱ ላይ የተሰካበት ፒሲአይ ኤክስፕረስ መስመር፤
6. በሊኑክስ ከርነል ውስጥ ካርዱን የሚያንቀሳቅሰው ድራይቨር፤
7. ከርነሉ ለዲስኩ የሚሰጠው ስም፤
8. በዲስኩ ላይ ያለው ክፍልፋይና የፋይል ሥርዓት ናቸው።

ከሮቢት ተነሥቶ አዲስ አበባ ያልደረሰ መንገደኛ አለ እንበል። ዘመዶቹ በጎብዬ፣ በወልድያ፣ በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በደብረ ሲና፣ በደብረ ብርሃን እያሉ በየከተማው በተራ ሊጠይቁ ይችላሉ። ብልሁ ዘመድ ግን አስቀድሞ ደሴ ይደውላል። መንገደኛው ደሴን አልፎ ከሆነ ከደሴ በስተሰሜን ያለውን መንገድ መፈለግ አያስፈልግም፤ ካላለፈ ደግሞ ደብረ ብርሃን መደወል ከንቱ ድካም ነው። እያንዳንዱ ጥያቄ የፍለጋውን ቦታ በግማሽ ስለሚቀንሰው ለስምንት ጣቢያ ሦስት ጥያቄ ይበቃል። ለተሰወረ ዲስክም የምንከተለው ይህንኑ ዘዴ ነው።

ሦስቱ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ትእዛዞች በሊኑክስ መስኮት ላይ የሚጻፉት በላቲን ትንንሽ ፊደላት ሲሆን፣ እኛ የፊደላቱን ስም በተራ እናስቀምጣለን።

የመጀመሪያው ትእዛዝ «ኤል፣ ኤስ፣ ፒ፣ ሲ፣ አይ» ነው። በማዘርቦርዱ ላይ የተሰኩትን ካርዶች ሁሉ ይዘረዝራል። ከትእዛዙ በኋላ ሰረዝና «ኬ» ከተጨመረ እያንዳንዱን ካርድ የትኛው ድራይቨር እንደያዘው ጭምር ያሳያል። የእኛ ደሴ ይህች ናት፤ ምክንያቱም አንዱ ትእዛዝ አምስተኛውንና ስድስተኛውን ጣቢያ በአንድ ጊዜ ይመረምራል።

ሁለተኛው «ዲ፣ ኤም፣ ኢ፣ ኤስ፣ ጂ» ሲሆን፣ ከርነሉ ከተነሣበት ጊዜ ጀምሮ ያየውን ሁሉ የመዘገበበትን ማስታወሻ ያሳያል። ካርዱ መቼ እንደታወቀ፣ ዲስኮቹ መልስ መስጠት አለመስጠታቸው፣ መስመሩ ተቋርጦ እንደሆነ በዚህ ይገኛል። ሦስተኛው «ኤል፣ ኤስ፣ ቢ፣ ኤል፣ ኬ» ስም የተሰጣቸውን ዲስኮችና ክፍልፋዮች ከነመጠናቸው ይዘረዝራል።

እነዚህ ሦስቱ ትእዛዞች በዲስኩ ላይ ምንም አይጽፉም። ይህን አጥብቀን እናሳስባለን፤ ብልሽቱ ያለበት ቦታ እስኪታወቅ ድረስ በዲስኩ ላይ የሚጽፍ ማናቸውንም ትእዛዝ መስጠት አይገባም።

ካርዱ ራሱ ካልታየ

ካርዱ በመጀመሪያው ዝርዝር ውስጥ ከሌለ ጥፋቱ በድራይቨሩ ሊሆን አይችልም፤ ከርነሉ የማያየውን ካርድ የሚያንቀሳቅስ ድራይቨር የለምና። ሰርቨሩን አጥፍቶና ከኤሌክትሪክ ነቅሎ ካርዱን ማውጣት፣ የመሰኪያውን የወርቅ ቅብ ጠርዝ ማጽዳት፣ ቢቻል በሌላ መሰኪያ ላይ ማስገባት ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ የሮቢትን አየር ማስታወስ ይገባናል። የሰርቨር ኮንትሮለር ካርዶች የሚሠሩት ጠንካራ ነፋስ በሚያልፍበት ሣጥን ውስጥ እንዲሆኑ ታስቦ ስለሆነ፣ አብዛኞቹ የራሳቸው ፋን የላቸውም። በአዘቦት ኮምፒውተር ሣጥን ውስጥ ሲገቡ በእጅ የማይነኩ እስኪሆኑ ይግላሉ። በዚህ ላይ በ1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 84 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ፋኑ የሚገፋው የአየር ይዘት ያው ቢሆንም ክብደቱ ስለሚያንስ የሚወስደው ሙቀትም ያንሳል። የግንቦትና የሰኔ ሙቀት፣ የሜዳውም አቧራ ሲጨመርበት ካርዱ ጠዋት ሠርቶ ከሰዓት በኋላ ዲስኮቹን ሊጥል ይችላል። ስለዚህ ብልሽቱ በሙቀት ሰዓት ብቻ የሚመጣ ከሆነ መጀመሪያ የሚመረመረው የአየር መተላለፊያው ነው። የዲስኮቹ ጉዳይ ግን ይለያል፤ አብዛኞቹ ዲስኮች እስከ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ እንዲሠሩ ስለሚመረቱ የቦታው ከፍታ ራሱ ጥፋተኛ አይሆንም።

ካርዱ ታይቶ ድራይቨር ካልያዘው

ካርዱ በዝርዝሩ ውስጥ ኖሮ ከሥሩ የድራይቨር ስም ከሌለ፣ ብልሽቱ የሶፍትዌር ነው፤ ዲስኮቹን መንካት አያስፈልግም። ይህ ሁኔታ በአሮጌ ሰርቨር ላይ አዲስ ሊኑክስ ሲጫን በብዛት ይታያል። ለምሳሌ በብዙ ሰርቨሮች ላይ የሚገኘው «ሳስ 2008» የተባለው የኤልኤስአይ ኩባንያ የኮንትሮለር ቺፕ እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው ሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ ሊኑክስ 8 ውስጥ ድጋፉ ተነሥቷል። ካርዱ ጤነኛ ነው፤ ዲስኮቹም ጤነኞች ናቸው፤ የተለወጠው ስርዓተ ክወናው ብቻ ነው። ያው ካርድ በዴቢያን ሊኑክስ ከርነል ሲሞከር ይሠራል። ስለሆነም ከውጭ በእርዳታ የመጣ አሮጌ ሰርቨር ዲስክ አላይ ሲል፣ ካርዱን ከመጣል በፊት ከፍላሽ ላይ በሚነሣ ሌላ ሊኑክስ መሞከር ምንም ወጪ የለውም።

ካርዱም ድራይቨሩም ኖረው ዲስኩ ካልታየ

አሁን መንገዱ ከደሴ እስከ አዲስ አበባ ክፍት መሆኑን አውቀናል፤ የቀረው ወደ ሮቢት ያለው ነው። በዚህ ክፍል አራት ተጠርጣሪዎች አሉ።

የመጀመሪያው የኮንትሮለሩ አሠራር ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 ፓተርሰን፣ ጊብሰንና ካትዝ የተባሉ የበርክሌይ ተመራማሪዎች ብዙ ዲስኮችን እንደ አንድ የመጠቀምን ሐሳብ «ሬይድ» በሚል ስም አቅርበው ነበር። ብዙ ኮንትሮለሮች ይህን ሥራ በራሳቸው ይሠራሉ። እንዲህ ያለው ካርድ ዲስኮችን በቀጥታ ለሊኑክስ አያሳይም፤ የሚያሳየው ከዲስኮቹ የተሠራውን ጥምር ዲስክ ብቻ ነው። በመሆኑም አዲስ ዲስክ ቢሰካበትም፣ በካርዱ ማስተካከያ ገጽ ውስጥ ካልተመዘገበ ሊኑክስ አያየውም። ጥምሩ የሚፈልገው የዲስክ ቁጥር ከጎደለም የቀሩት ጤነኞች ቢሆኑም ጥምሩ በሙሉ ይሰወራል። ስለዚህ ሰርቨሩ ሲነሣ ወደ ካርዱ ማስተካከያ ገጽ ገብቶ፣ ካርዱ ስንት ዲስክ እንደሚያይ መቁጠር ያስፈልጋል። ይህ ገጽ ከሊኑክስ ውጭ ስለሚሠራ ገለልተኛ ምስክር ነው።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ የኤሌክትሪክ ኃይሉ ነው። አንድ ባለ 3.5 ኢንች ዲስክ ሞተሩን ሲያስነሣ ከ12 ቮልት መስመር እስከ 2 አምፒር ገደማ ይስባል፤ መዞር ከጀመረ በኋላ ግን ግማሽ አምፒር ገደማ ይበቃዋል። መሰኪያው በዝገት ወይም በአቧራ ምክንያት 0.4 ኦም ተቃውሞ አለው እንበል። በኦም ሕግ መሠረት በመነሻው ጊዜ 2 ሲባዛ 0.4፣ ማለትም 0.8 ቮልት ይጠፋል። ለዲስኩ የሚደርሰው 11.2 ቮልት ብቻ ሲሆን፣ የ12 ቮልት መስመር ዝቅተኛ ወሰን በተለምዶ 11.4 ቮልት ነው። ዲስኩ ለመነሣት ይሞክርና ያቆማል። የሚያሳስተው ነገር ቀጥሎ ነው። ባለሙያው በቮልቲሜትር ሲለካ ሞተሩ ስለቆመ የሚፈሰው ጅረት ጥቂት ነው፤ ልኬቱም 12 ቮልት ሊያሳይ ይችላል። «ኃይሉ ደኅና ነው» ተብሎ ዲስኩ ይወነጀላል። ልኬቱ ትርጉም የሚኖረው ዲስኩ በሚነሣበት ቅጽበት ሲወሰድ ነው። በአንድ የኃይል ገመድ ላይ ብዙ ዲስክ መቀጠል ደግሞ ችግሩን ያባብሰዋል።

ከኃይሉ ሳንወጣ አንድ ነገር እንጨምር። አንዳንድ አዳዲስ የሳታ ዲስኮች በኃይል መሰኪያቸው ሦስተኛ እግር ላይ 3.3 ቮልት ካገኙ «ጥፋ» የሚል ትእዛዝ አድርገው ይወስዱትና አይነሡም። እንዲህ ያለው አዲስ ዲስክ በአሮጌ ሰርቨር ላይ ሲሰካ ጭራሽ የሞተ ይመስላል።

ሦስተኛው ተጠርጣሪ የዳታ ኬብሉ ነው። ቀላሉ ምርመራ መለዋወጥ ነው፤ የሚታየውን ዲስክ ኬብል ወደማይታየው ማዛወር። ብልሽቱ ከኬብሉ ጋር ከሄደ ኬብሉ፣ ከዲስኩ ጋር ከቀረ ዲስኩ ወይም ኃይሉ ነው። ይህን ከማድረግ በፊት ግን የትኛው ዲስክ በየትኛው ቁጥር ላይ እንደነበር በወረቀት መጻፍ ግዴታ ነው።

አራተኛው አለመጣጣም ነው። የሳስ ኮንትሮለር የሳታ ዲስክ ይቀበላል፤ የሳታ ኮንትሮለር ግን የሳስ ዲስክ አይቀበልም። አንዳንድ አሮጌ ካርዶች ደግሞ ከ2 ቴራባይት ገደማ በላይ መቁጠር አይችሉም፤ 32 ቢት ቁጥር በ512 ባይት ሲባዛ 2,199,023,255,552 ባይት ላይ ያበቃልና። ከትልልቅ የማከማቻ ማሽኖች የወጡ ዲስኮችም ክፍላቸው 512 ሳይሆን 520 ባይት ሊሆን ይችላል፤ ሊኑክስ እነዚህን ቢያያቸውም መጠናቸውን ዜሮ ያደርገዋል።

ዲስኩ ታይቶ ፋይሉ ካልተገኘ

አንዳንድ ጊዜ ዲስኩ አለ፤ የተጠራው ግን በተሳሳተ ስም ነው። በሀገራችን ሮቢት አንዲት ብቻ አይደለችም። ከቆቦዋ ሮቢት ሌላ፣ በዚያው ወደ ሰሜን በሚሄደው አውራ ጎዳና ላይ ሸዋ ሮቢት አለች። በፖስታው ላይ «ሮቢት» ተብሎ ብቻ የተጻፈ ደብዳቤ ወዴት እንደሚደርስ አይታወቅም። ሊኑክስም ለዲስኮች «ኤስ፣ ዲ፣ ኤ» እና «ኤስ፣ ዲ፣ ቢ» እያለ ስም የሚሰጠው ባገኛቸው ቅደም ተከተል ነው። አንድ ዲስክ ሳይነሣ ቢዘገይ የትናንቱ «ቢ» ዛሬ «ኤ» ይሆናል። ስለዚህ በመነሻ ፋይሉ ውስጥ ዲስኮችን በዚህ ስም ሳይሆን «ዩዩአይዲ» በተባለው የማይደገም መለያቸው መጥራት ይገባል።

ምርመራው በተግባር

ወደ ምሳሌያችን ሰርቨር እንመለስ። የመጀመሪያው ትእዛዝ ካርዱ እንዳለና ድራይቨር እንደያዘው ያሳያል። ሦስተኛው ትእዛዝ ጥምር ዲስኩ እንደሌለ ያሳያል። ወደ ካርዱ ማስተካከያ ገጽ ሲገባ ከአራቱ ዲስኮች የሚታዩት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ጥምሩ «ሬይድ 5» ስለሆነ የአንድ ዲስክ መጉደል ይችላል፤ የሁለት ግን አይችልም። የተሰወሩት ሁለቱ በምን ይመሳሰላሉ? ሣጥኑ ሲከፈት ሁለቱም በአንድ የኃይል ገመድ ላይ ተቀጥለው ይገኛሉ። ገመዱ ይለወጣል፤ አራቱም ይታያሉ።

አደገኛው ሰዓት ግን አሁን ነው። ካርዱ ተመልሰው የመጡትን ዲስኮች «ባዕድ» ብሎ ሊመዘግባቸውና ምርጫ ሊያቀርብ ይችላል፤ አንዱ ነባሩን ጥምር መልሶ መቀበል፣ ሌላው ማጽዳት፣ ሦስተኛውም አዲስ ጥምር መፍጠር ነው። ማጽዳትንና አዲስ መፍጠርን የመረጠ ሰው፣ በተለይ «ኢኒሻላይዝ» የሚለውን ቃል ተጭኖ ከሆነ፣ ጤነኛ የነበሩትን ዲስኮች በገዛ እጁ ባዶ ያደርጋቸዋል። ገመዱ ያላጠፋውን መዝገብ ጠጋኙ ያጠፋዋል ማለት ነው። ትክክለኛው ምርጫ ካርዱ የሚያሳየውን ቅድመ እይታ አንብቦ፣ አራቱም ዲስኮች መኖራቸውን አረጋግጦ፣ ነባሩን መቀበል ነው።

ጥምሩ ከታየ በኋላ የመጀመሪያው ሥራ ጥገና ሳይሆን ቅጂ ነው። የፋይል ሥርዓቱ ለንባብ ብቻ ይከፈታል። የኢኤክስቲ4 ሥርዓት ለንባብ ብቻ ሲከፈትም ያልተጠናቀቀ ጆርናሉን ለማጠናቀቅ ሊጽፍ ስለሚችል፣ «ኖሎድ» የሚለውን አማራጭ መጨመር ይመከራል። ማንበብ የሚያቅተው ዲስክ ካለ ደግሞ፣ «ዲዲ-ሬስኪው» የተባለው ነጻ ፕሮግራም ደኅናውን ክፍል አስቀድሞ ቀድቶ ወደ አስቸጋሪው ቦታ በኋላ ይመለሳል። «ኤፍ፣ ኤስ፣ ሲ፣ ኬ» የተባለው ጠጋኝ ፕሮግራም የሚሠራው በቅጂው ላይ እንጂ በዋናው ላይ መሆን የለበትም።

ማጠቃለያ

ሬይድ የዲስክን መሞት ይከላከላል እንጂ ሌብነትን፣ እሳትን፣ መብረቅንና የሰው እጅን አይከላከልም። በመሆኑም በሌላ ሕንፃ፣ ከተቻለም በሌላ ከተማ የተቀመጠ ቅጂ ከየትኛውም ኮንትሮለር ይበልጣል። የካርዱ ዓይነት፣ የዲስኮቹ ቅደም ተከተልና የጥምሩ ዓይነት የተጻፈበት አንድ ወረቀት በሣጥኑ በር ላይ ቢለጠፍ፣ ከዓመታት በኋላ የሚመጣው ባለሙያ በግምት ከመሥራት ይድናል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን አንባብያን እንዲይዙልን የምንሻው የምርመራውን ሥርዓት ነው። አንድ ነገር አልታየም ሲባል «የት ድረስ ይታያል?» ብሎ መጠየቅ፣ ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ ሲጠፋ የጋራ ምክንያቱን መፈለግ፣ ምክንያቱ እስኪታወቅም ምንም አለመጻፍ። ሰርቨሩን በሌላ ሰርቨር መተካት ይቻላል፤ የሮቢት ጉድጓዶች የስድስት ዓመት ልኬት ግን ምትክ የለውም።